ከላቲን ፈተና እስከ ኮሚቴ ድምፅ፦ የአሜሪካ ኮሌጆች የቅበላ ቢሮ ታሪክ

ሃርቫርድ ኮሌጅ በ2019 ለሚመረቀው ክፍል ማመልከቻ ሲቀበል የነበረው ቦታ ለ1,600 ሰው ገደማ ነበር። ከዚያው ከአሜሪካ ካመለከቱት 26,000 ያህል ወጣቶች መካከል 3,400ዎቹ ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሒሳብ ክፍል፣ 2,700ዎቹ ደግሞ በቋንቋው ክፍል ሙሉ ነጥብ አምጥተዋል። ከ8,000 የሚበልጡት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው የወጡት አንድም ነጥብ ሳይጎድልባቸው ነው። ይህ ሁሉ በአደባባይ የታወቀው ዩኒቨርሲቲው ተከሶ መዝገቡን ፍርድ ቤት ፊት ለመክፈት በመገደዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማትሪክ ተፈትኖ፣ መቁረጫ ነጥብ ጠብቆ፣ ምደባ ሲወጣ ስሙን ፈልጎ ላደገ ኢትዮጵያዊ የዚህ ችግር መፍትሔ ቀላል ይመስላል፤ ፈተናውን ማክበድ፣ ነጥቡን ከፍ ማድረግ። የአሜሪካ መራጭ ኮሌጆች የሄዱበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ተማሪ መምረጥን ብቻ ሥራዬ ብሎ የያዘ፣ ዲን፣ አንባቢዎችና ኮሚቴ ያሉት ራሱን የቻለ ቢሮ አቋቋሙ። ቢሮው አመልካቾችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ አይደረድርም። የሚመልሰው ጥያቄ ኮሌጁ በመጪው መስከረም ምን ዓይነት የተማሪ ስብስብ ያስፈልገዋል የሚል ነው። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኑር አዲስ አበባ፣ ጎበዝ ልጁ የእንቢታ ደብዳቤ ሲደርሰው ‹‹ምን ጎደለው?›› እያለ ሲብሰለሰል ይኖራል። መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከልጁ ዘንድ አይገኝም። ቢሮው ለምን እንደተቋቋመና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

1. ፈተናውን ያለፈ ሁሉ የሚገባበት ዘመን

ሃርቫርድ በ1636 ሲመሠረት የቅበላ ቢሮ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1640ዎቹ የወጣው ደንብ እንደ ሲሴሮ ያለ የላቲን ጸሐፊን ሳይዘጋጅ አንብቦ የሚረዳ፣ በላቲን በስድም በግጥምም የሚጽፍ፣ የግሪክኛ ስምና ግስ ማርባት የሚችል ተማሪ እንዲገባ ይፈቅዳል። ፈታኞቹ የኮሌጁ ኃላፊዎችና መምህራን ራሳቸው ነበሩ። ያለፈ ይገባል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል።

ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ከዚያም በላይ ኮሌጆችን ሲቸግራቸው የኖረው የተማሪ ማነስ እንጂ የተማሪ ብዛት አልነበረም። በአንድ ሁለት ትምህርት የወደቀውን እንኳ ‹‹ጉድለትህን ከገባህ በኋላ ታሟላለህ›› ብለው በቅድመ ሁኔታ ይቀበሉት ነበር። ምርጫ የሚባለው ነገር ትርጉም የሚኖረው አመልካቹ ከመቀመጫው ሲበዛ ነው፤ ያ ጊዜ ገና አልደረሰም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ችግሩ በትምህርት ቤቶቹ በኩል መጣ። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን ፈተና፣ በራሱ የመጻሕፍት ዝርዝር ያወጣ ስለነበር፣ ተማሪዎቹን ወደ ተለያዩ ኮሌጆች የሚልክ ርእሰ መምህር ለእያንዳንዱ ለየብቻ ማዘጋጀት ነበረበት። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1870ዎቹ መጀመሪያ አንድ መላ ዘየደ። መምህራኑን እየላከ ትምህርት ቤቶችን አስጎበኘ፤ ደረጃቸውን ያጸደቀላቸውን ትምህርት ቤቶች ምሩቃን ያለ ፈተና በምስክር ወረቀታቸው ብቻ ተቀበለ። በምሥራቁ ዳርቻ ያሉት የግል ኮሌጆች ይህን አልወደዱትም። እነሱ ፈተናውን አንድ ለማድረግ ተስማምተው በ1900 የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቦርድን አቋቋሙ፤ ዛሬ ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት ይኸው ነው። የመጀመሪያው የጋራ ፈተና በሰኔ 1901 ሲሰጥ የተቀመጡት 973 ተማሪዎች ነበሩ። የትምህርቱ ዓይነት ዘጠኝ፣ መልሱም በጽሑፍ የሚብራራ እንጂ የሚከበብ አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ተቋሙ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ ትምህርቱን ያውቃል ወይስ አያውቅም?

2. የቅበላ ቢሮ የተወለደበት ጥያቄ

ኮሌጆች ቀስ በቀስ ግሪክኛን፣ በኋላም ላቲንን ከመግቢያ መስፈርታቸው ሲያነሱ፣ ግሪክኛ የማያስተምሩት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በሩ ተከፈተላቸው። በሩን አልፈው በብዛት የገቡት ደግሞ ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ አይሁድ ልጆች ነበሩ። ፈተናውን በሚገባ ያልፉ ነበር። ሃርቫርድ ውስጥ በ1900 ከመቶ ሰባት ገደማ የነበሩት በ1922 ከመቶ 21 አልፈዋል፤ ኒውዮርክ መሐል ያለው ኮሎምቢያ ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይበልጥ ነበር።

የእነዚህ ኮሌጆች አስተዳዳሪዎች ደነገጡ። ሃብታም የፕሮቴስታንት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱብናል፣ ድጋፋቸውንም ያቋርጡብናል ብለው ሰጉ። የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ላውረንስ ሎዌል በ1922 የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ከመቶ 15 እንዳያልፍ ገደብ እንዲጣል ሐሳብ አቀረበ። የመምህራን ኮሚቴው ግልጹን ኮታ አልተቀበለም። ነገር ግን ግልጹ ኮታ ሲቀር ስውሩ ተተካ፤ ዛሬ የምናውቀው የቅበላ አሠራር መሠረቱ የተጣለውም እዚህ ላይ ነው።

በ1922 ሃርቫርድ ባዘጋጀው የማመልከቻ ቅጽ ላይ አመልካቹ ‹‹ዘርና ቀለም››፣ ‹‹የሃይማኖት ምርጫ››፣ የእናቱን የልጅነት የቤተሰብ ስምና የአባቱን የትውልድ ቦታ እንዲሞላ ይጠየቃል። ቀጥሎ ደግሞ ከተወለደ ወዲህ በእሱ ወይም በአባቱ ስም ላይ የተደረገ ለውጥ ካለ እንዲያስረዳ ያዛል። ስሙን ከፈለሰ በኋላ ያሳጠረ ወይም እንግሊዝኛ ያስመሰለ አባት ያለው ልጅ በዚህች አንዲት መስመር ይያዛል። አሜሪካ ገብቶ ስሙን ለጠሪው እንዲቀል ያሳጠረ አበሻ ይህ ጥያቄ ምን ለማግኘት እንደተጻፈ አይጠፋውም።

በ1926 ሃርቫርድ የአንደኛ ዓመት ተማሪውን በ1,000 ገደበ። ገደብ ሲኖር ምርጫ ግድ ይሆናል፤ ምርጫውም በፈተና ነጥብ ብቻ እንዳይሆን ተወሰነ። ‹‹ጠባይ››፣ ‹‹መሪነት››፣ ‹‹ሰብእና›› የሚሉት መለኪያዎች ገቡ። እነሱን ለማየት ፎቶግራፍ፣ ቃለ መጠይቅና የርእሰ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቁ። ዳርትመዝ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሩቅ ግዛት ለሚመጡና ለቀድሞ ምሩቃኑ ልጆች ቅድሚያ የሚሰጥ አሠራር ዘረጋ፤ ዬልም ለምሩቃኑ ልጆች እንዲሁ አደረገ። በሃርቫርድ ከሩብ በላይ ደርሶ የነበረው የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር በጥቂት ዓመታት ወደ 15 ከመቶ ገደማ ወረደ። ሎዌል የፈለገውን ቁጥር አገኘ፤ ኮታ የሚል ቃል ግን በደንቡ ላይ አልሰፈረም።

ይህ ሁሉ ወረቀት የሚያነብ፣ የሚያመዛዝን፣ ምክንያቱን የማይናገር ሠራተኛ ያስፈልገዋል። መምህራን በትርፍ ጊዜያቸው የሚያርሙት ፈተና ቀርቶ ባለሙያ የሚቀመጥበት ቢሮ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ድርሰት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከክፍል ውጪ ያለ ተሳትፎ፣ የሚኖሩበት አካባቢ፤ ዛሬ ‹‹ሁለንተናዊ ምዘና›› ተብለው የሚሞገሱት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ሰውን ለማስቀረት ነበር። በኋላ ለሌላ ዓላማ ውለዋል፤ ብዙ በጎ ነገርም ተሠርቶባቸዋል። ሆኖም መሣሪያው ያው ነው፤ መመዘኛው ለባለቤቱ ፍርድ የተተወ፣ ምክንያቱም ከውጭ የማይታይ።

3. ነጥብ መንገድ ሲከፍት

በዚያው በ1926፣ ሰኔ 23 ቀን፣ 8,000 ያህል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ኤስኤቲ የተባለውን ፈተና ወሰዱ። ፈተናው የተቀዳው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለወታደሮች ከተሰጠው የአእምሮ ምዘና ነው። አዘጋጁ የፕሪንስተኑ ካርል ብሪገም ከሦስት ዓመት በፊት ባሳተመው መጽሐፍ አንዱን ዘር ከሌላው አስበልጦ ነበር፤ በ1930 ራሱ ያንን ድምዳሜ አፍርሶታል።

ከእንዲህ ያለ ምንጭ የወጣው ፈተና ያልተጠበቀ በጎ ሥራ ሠራ። ከ1933 ጀምሮ ሃርቫርድን የመራው ጄምስ ኮናንት ከምሥራቁ ዳርቻ ውድ ትምህርት ቤቶች ውጪ ያሉ ጎበዞችን ይፈልግ ነበር። በ1934 ለመካከለኛው ምዕራብ ልጆች የጀመረው ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ኤስኤቲን መሠረት አድርጎ ነበር፤ በኦሃዮ የገጠር ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ግሪክኛ ባያውቅም ነጥብ ማምጣት ይችላልና። በ1942 ጦርነቱ ሲጠና ቦርዱ የድሮውን የጽሑፍ ፈተና ተወው። በ1947 መጨረሻ ፈተናዎቹን የሚያዘጋጅ ራሱን የቻለ ድርጅት፣ ኢቲኤስ፣ ተቋቋመ።

ከዚያ በፊት በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ 2.2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ወደ ኮሌጅ አስገብቷል። ኮሌጅ የሃብታም ልጅ ማሳለፊያ መሆኑ እየቀረ፣ ሠራተኛው ቤተሰብም ለልጁ የሚመኘው ነገር ሆነ። በ1960ዎቹ ዬል የቤተሰብን የመክፈል አቅም ሳያይ መቀበል ጀመረ፤ በ1969 ዬልና ፕሪንስተን ሴቶችን በመጀመሪያ ዲግሪ ተቀበሉ። ሁሉም በር ሲከፈት የአመልካቹ ቁጥር ጨመረ፤ መቀመጫው ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ነጥብ ብቻውን የማይለይበት ቀን ደረሰ።

4. ፋይሉ ከማን ወደ ማን ይሄዳል

የአንድ መራጭ ኮሌጅ የቅበላ ቢሮ በመከር ወራት አገር ይዞራል፤ ትምህርት ቤት ይጎበኛል፣ ወላጅ ያነጋግራል። ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ቀድመው የሚያመለክቱት፣ ከጥር መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የተቀሩት ፋይሎች ይጎርፋሉ። የፈረንጆቹ ክረምት የንባብ ጊዜ ነው። ውሳኔው በመጋቢት መጨረሻ ይወጣል፤ የተመረጠው ተማሪ እስከ ግንቦት 1 መልስ ይሰጣል።

በሃርቫርዱ ክስ ላይ በዝርዝር የቀረበው አሠራር እንዲህ ነው። መላው ዓለም በ20 ያህል የአካባቢ ምድቦች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ምድብ የራሱ ኃላፊ አለው። የመጀመሪያው አንባቢ ፋይሉን ጨርሶ ለትምህርት፣ ከክፍል ውጪ ላለ ተሳትፎ፣ ለስፖርትና ለሰብእና ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ 1 ከሁሉ የላቀ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ደረጃው ይወርዳል። የቀድሞ ተማሪ የሆነ ሰው በአካባቢው ለአመልካቹ ቃለ መጠይቅ አድርጎ ሪፖርቱን ይልካል። ቀጥሎ ጥቂት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ ተሰብስቦ የሚያቀርበውን ይለያል፤ በመጨረሻ 40 ያህል ሰው የሚቀመጥበት ሙሉ ኮሚቴ በድምፅ ብልጫ ይወስናል። የአካባቢው ኃላፊ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የልጁ ጠበቃ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ የሌለውን ነገር ግን ሊከራከርበት አይችልም።

ድምፅ የተሰጣቸው ከመቀመጫው ሲበልጡ ሌላ ዙር አለ። የሚቀነሱት ስሞች በአጭር ዝርዝር ላይ ይሰፍራሉ፤ ከስማቸው ጎን የሚጻፈውም የምሩቅ ልጅ ነው ወይ፣ ለስፖርት የተመለመለ ነው ወይ፣ የገንዘብ ድጋፍ ይሻል ወይ የሚል እና በወቅቱ ዘሩም ጭምር ነበር። ኮሚቴው በመጨረሻዋ ሰዓት የሚያሰላው ስለ ኮሌጁ መሆኑን ከዚህች ወረቀት በላይ የሚያሳይ የለም።

ፋይሉን የሚያደርሰው ዛሬ በአብዛኛው ኮመን አፕ ነው። በ1975 15 የግል ኮሌጆች አንድ ዓይነት ቅጽ እንጠቀም ብለው የጀመሩት ሲሆን አሁን ከ1,000 በላይ አባላት አሉት። ቅጹ ጠባብ ነው። ድርሰቱ ከ650 ቃላት አያልፍም። ከክፍል ውጪ የተሠሩ ነገሮች አሥር መስመር ተሰጥቷቸዋል፤ እያንዳንዱም መግለጫ በ150 የፊደል ምት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከዝርዝሩ መካከል ‹‹የቤተሰብ ኃላፊነት›› እና ‹‹ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ›› የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ከትምህርት መልስ በዘመድ ሬስቶራንት የሚያስተናግድ፣ ለእናቱ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉም፣ ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ የአበሻ ልጅ ‹‹ይሄማ የቤት ነገር ነው›› ብሎ ይተወዋል። አንባቢው ግን የልጁን ቀን የሚያውቀው ከዚያች መስመር ብቻ ነው፤ ባዶ ከሆነች ልጁ ሥራ ፈት ይመስለዋል።

5. ምን ይፈልጋሉ?

ኮሌጆቹ ራሳቸው በየዓመቱ ኮመን ዳታ ሴት በሚባል የጋራ ቅጽ ላይ ለእያንዳንዱ መስፈርት ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጡ ይሞላሉ። የተወሰዱት ትምህርቶች ክብደት፣ አማካይ ውጤት፣ ፈተና፣ ድርሰት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ተሰጥኦ፣ ጠባይ፣ ከቤተሰቡ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው መሆን፣ የምሩቅ ልጅነት፣ የሚኖሩበት አካባቢ፣ ለኮሌጁ ያሳዩት ፍላጎት ሳይቀር ተዘርዝሯል። ኤምአይቲ ከሁሉ አብልጦ ‹‹በጣም አስፈላጊ›› የሚለው ጠባይን ነው። ሃርቫርድ ደግሞ አብዛኛውን ‹‹ከግምት ይገባል›› ብሎ ያልፈዋል፤ ይህም መልስ ከሆነ ማለት ነው።

በተግባር ቀዳሚው ትራንስክሪፕቱ ነው። ውጤቱ ብቻ አይበቃም፤ ትምህርት ቤቱ ካቀረባቸው ትምህርቶች ከባዶቹን ወስዷል ወይ የሚለው ይታያል። ለዚህ ሲባል አማካሪው ስለ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚገልጽ ገጽ አብሮ ይልካል፤ ስንት ተማሪ እንዳለው፣ ምን እንደሚያስተምር፣ ውጤት እንዴት እንደሚሰጥ። አሥር ከፍተኛ ትምህርቶች ካሉበት ሦስት የወሰደ ልጅና ሦስት ብቻ ካሉበት ሦስቱንም የወሰደ ልጅ ለአንባቢው እኩል አይደሉም።

ትራንስክሪፕት ሺዎችን ያሳልፋል፤ መቀመጫው ግን መቶዎችን ነው የሚይዘው። ከዚህ በኋላ የሚናገረው የኮሌጁ ፍላጎት ነው። የኦርኬስትራው የኦቦ (የትንፋሽ መሣሪያ) ተጫዋች ዘንድሮ ይመረቃል። የቀዘፋ ቡድኑ ሰው ያንሰዋል። የግሪክና የላቲን ትምህርት ክፍል ተማሪ ጠፍቶበታል። ከዋዮሚንግ ግዛት የመጣ የለም። በጀቱ ደግሞ ሙሉ ክፍያ የሚከፍሉ ተማሪዎችን ይጠብቃል። አመልካቹ ከነዚህ አንዱን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም፤ አምና በተመሳሳይ ፋይል የገባው ልጅ ዘንድሮ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ከኮሌጁ ፍላጎቶች ሁሉ ለመከላከል የሚከብደው ለምሩቃንና ለለጋሾች ልጆች የሚሰጠው ቅድሚያ ነው። በችሎቱ እንደታየው በስድስት ዓመት ውስጥ ካመለከቱት የሃርቫርድ ምሩቃን ልጆች 33.6 ከመቶው ሲገቡ ከሌሎቹ የገቡት 5.9 ከመቶ ነበሩ። ለስፖርት የተመለመሉት ደግሞ 86 ከመቶ ያህሉ ይገባሉ። ስፖርተኞች፣ የምሩቃን ልጆች፣ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች እንዲሁም በዲኑ ልዩ ዝርዝር ላይ ያሉት አንድ ላይ ሲደመሩ ከአመልካቹ 5 ከመቶ አይሞሉም፤ ከተቀባዮቹ ግን ወደ 30 ከመቶ ይጠጋሉ። አባቱ ታክሲ ነድቶ ያሳደገው ልጅ የሚወዳደረው በቀረው ቦታ ላይ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ የኮሌጁን ካዝና ይጠቅማል መባሉም ፍትሐዊ አያደርገውም። ኤምአይቲ የምሩቅ ልጅነትን አይቆጥርም። ጆንስ ሆፕኪንስና አምኸርስት ደግሞ ትተውታል፤ ደረጃቸው አልወረደም።

የስፖርቱ በር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በመጋቢት 2019 አገር አወቀው። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ አሠልጣኞችን በጉቦ ገዝተው ልጆቻቸውን ያልተጫወቱትን ስፖርት ተጫዋች አስመስለው ያስገቡ ሃብታም ወላጆችን ከሰሰ፤ ብዙዎቹም ታሰሩ። የመርከብ ቀዘፋና የውኃ ፖሎ ዝርዝር ውስጥ ስም ማስገባት የሚያዋጣው ለእነዚህ ስፖርቶች የተያዘ ቦታ ስላለ ነው።

6. ዘር፣ ‹‹ሰብእና›› እና ፍርድ ቤት

ከ1960ዎቹ የሲቪል መብት ትግል በኋላ ቢሮዎቹ ሰውን ለማስቀረት የተሠሩትን መሣሪያዎች ጥቁር ተማሪዎችን ለማስገባት ተጠቀሙባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 በባኪ ጉዳይ ኮታን ከልክሎ ዘርን እንደ አንድ መስፈርት ማየትን ፈቀደ፤ ውሳኔውን የወሰነው ዳኛ ፓዌል እንደ ጥሩ ምሳሌ የጠቀሰውም የሃርቫርድን አሠራር ነበር። በ2003 ይኸው ጸደቀ።

እዚህ ላይ የኛ ማኅበረሰብ በቀጥታ ይገባል። በ2007 የታተመ የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት በመራጭ ኮሌጆች ከገቡት ጥቁር የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች 27 ከመቶው ስደተኞች ወይም የስደተኞች ልጆች መሆናቸውን አሳይቷል፤ እንደ ሃርቫርድና ዬል ባሉት የአይቪ ሊግ ኮሌጆች ቁጥሩ 41 ከመቶ ነበር። የናይጄሪያ፣ የጃማይካ፣ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ልጅ በባርነት ለኖሩት የልጅ ልጆች ታስቦ በተከፈተ በር መግባቱ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ጥቁር አሜሪካውያን ምሁራንን አከራክሯል። ክርክሩ እኛንም ይመለከታል፤ ልናዳምጠው የሚገባ ክርክር ነው።

በ2014 የተመሠረተው የሃርቫርዱ ክስ ደግሞ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የእስያ አሜሪካውያን አመልካቾች በትምህርት ከሁሉ ቢበልጡም በሰብእና ነጥብ በአማካይ ዝቅ ይሉ እንደነበር መዝገቡ አሳየ። የመጀመሪያዋ ዳኛ ሆን ተብሎ የተደረገ አድልዎ አላገኘሁም ብላ ፈረደች። ነገር ግን የ1920ዎቹን ‹‹ጠባይ›› የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ሰኔ 29 ቀን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን መስፈርት ማድረግን ከለከለ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ አንድ ቀዳዳ ትተዋል፤ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያደረሰውን በድርሰቱ መጻፍ ይችላል፣ ኮሌጁም የግለሰቡን ጽናት ወይም ችሎታ አይቶ ሊመዝነው ይችላል።

ውጤቱ በየኮሌጁ ተለያየ። በቀጣዩ ዓመት በኤምአይቲ የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ከ13 ከመቶ ገደማ ወደ 5፣ በአምኸርስት ከ11 ወደ 3 ወረደ፤ በዬል ግን 14 ከመቶ ላይ ቆየ። ሕጉ አንድ ሆኖ ውጤቱ እንዲህ የሚለያየው ቢሮዎቹ የሚያመዛዝኑበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም።

7. ቢሮው ዛሬ

በኮቪድ ወቅት ፈተና መውሰጃ ቦታዎች ሲዘጉ አብዛኞቹ ኮሌጆች ኤስኤቲን ማቅረብ በውዴታ እንዲሆን አደረጉ። ማመልከቻ ጎረፈ። በ2024 ሃርቫርድ ከ54,008 አመልካቾች 1,937 ብቻ ተቀበለ፤ ይህም ከመቶ አራት አይሞላም። ኤምአይቲ ፈተናውን በ2022 መለሰ፤ ዳርትመዝ፣ ዬል፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 ተከተሉት። የዳርትመዝ ምክንያት ልብ ይሏል። አቅም ከሌላቸው ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጆች ከኮሌጁ አማካይ በታች ነው ብለው የደበቁት ነጥብ፣ ከመጡበት ሁኔታ ጋር ቢታይ የሚያስገባቸው ነበር። ከትምህርት ቤትህ አማካይ በብዙ የሚበልጥ ነጥብ ካለህ ላከው ማለት ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ቤተሰቦች ከዋጋው ዝርዝር ሸሽተው ሳያመለክቱ ይቀራሉ። ሃርቫርድ ከ2025 መከር ጀምሮ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰቦች ከመኖሪያና ምግብ ጋር በነጻ፣ እስከ 200,000 ለሆነ ደግሞ ያለ ትምህርት ክፍያ ያስተምራል። ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ልጅ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከውጭ የሚመጣ አመልካች ገንዘብ ስለጠየቀ አይጥሉትም፤ ከተቀበሉትም የጎደለውን ይሞላሉ። አብዛኞቹ ሌሎች ኮሌጆች ግን የውጭ ተማሪ የሚጠይቀውን ድጋፍ አይተው ነው የሚወስኑት። ኧርሊ ዲሲዥን በሚባለው መንገድ ቀድሞ ያመለከተና የተመረጠ ተማሪ የመግባት ግዴታ አለበት፤ የሌሎችን የድጋፍ መጠን አወዳድሮ ለመምረጥ ዕድል የለውም። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚመቸው ዋጋ ለማያስጨንቀው ነው።

ቅጹ የሚጠብቀው አማካሪ ደግሞ በብዙዎቹ የኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የለም። ደብዳቤውን የሚጽፈው ርእሰ መምህሩ ወይም የክፍል ኃላፊው ነው፤ አንዳንዴም ‹‹ታታሪ ተማሪ ነው›› የምትል አንድ መስመር ማኅተም ተመትቶባት ትሄዳለች። አንባቢው የሚፈልገው ያ ተማሪ ምን እንደሠራ የሚናገር ምሳሌ ነው፤ ላቦራቶሪ በሌለበት የኬሚስትሪ ሙከራ እንዴት እንዳሳየ፣ 70 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ደካሞቹን እንዴት እንዳስጠና። የትምህርት ቤቱን ሁኔታ በአንድ ገጽ ጽፎ ማያያዝም ይቻላል። ይህን የሚያደርጉ መምህራን ልጆቻቸውን በጣም ይጠቅማሉ።

ስለ ምሩቃን ልጆች ያለው ትግል ከቢሮዎቹ ወጥቶ ወደ ግዛት ምክር ቤቶች ገብቷል። ኮሎራዶና ቨርጂኒያ በመንግሥት ኮሌጆቻቸው ከለከሉት። ካሊፎርኒያ በመስከረም 2024 በወጣ ሕግ ከዓመት በኋላ ጀምሮ በግል ኮሌጆችም ላይ ከለከለች። ስታንፎርድ ግን ለምሩቃኑ ልጆች የሚሰጠውን ቅድሚያ እንደሚቀጥልበት፣ ለዚህም ሲል ግዛቱ ለችግረኛ ተማሪዎች ከሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ እንደሚወጣና ገንዘቡን ከራሱ ካዝና እንደሚተካ በ2025 አስታውቋል።